የአኳሪየማችን ውሃ ለምን ይኮመጥጣል? ስለ ፒኤች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

  

ቤቱ ውስጥ አኳሪየም ያለው ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «የውሃዬ ፒኤች ስንት መሆን አለበት? ከፍ ሲል በምን ላውርደው? ሲወርድስ በምን ላንሳው?» ይላል። ዓሣ ሻጩ ጠርሙስ ያቀርብለታል፤ አንዱ ጎረቤቱ ሎሚ ጨምቅበት ይለዋል፤ ሌላው ሶዳ በትንበት ይለዋል። ሁሉም ቁጥሩን ለመለወጥ ይጣደፋል። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህን ጥድፊያ ማስቆም ነው። ፒኤች ለብቻው የቆመ ነገር አይደለም። ውሃው ከምንጩ ይዞት የመጣው ባይካርቦኔት፣ በውስጡ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከዓሣው ምግብ የሚመጣው ቆሻሻ ተደማምረው የሚያወጡት ውጤት ነው። እነዚህን ሦስቱን በደንብ የያዘ ሰው ቁጥሩ ይረጋለታል። እነሱን ትቶ ቁጥሩን የሚያሳድድ ሰው ግን ጤነኛ ዓሣ በገዛ እጁ ይገድላል።

ነገሬን በአራት ክፍል አቀርባለሁ። መጀመሪያ ቁጥሩ ለዓሣው ምን ማለት እንደሆነ እናያለን። ቀጥሎ ከቧንቧችን ስለሚመጣው ውሃ እንነጋገራለን። ሦስተኛው ክፍል የንግግሬ ዋና ነው፤ አኳሪየም በራሱ ጊዜ ለምን እንደሚኮመጥጥና በድንገት ማስተካከሉ ለምን እንደሚገድል ይዘረዝራል። በመጨረሻ በቤታችን ምን እናድርግ የሚለውን አነሣለሁ።

ከቁጥሩ እንጀምር። የፒኤችን መለኪያ ያወጣው ሶረን ሶረንሰን የተባለ ዴንማርካዊ ኬሚስት ነው፤ ጊዜውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1909 ነበር። በኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኢንዛይሞችን ሲያጠና የአሲድን መጠን በአጭር ቁጥር የሚገልጽ ዘዴ አስፈለገው። ዛሬ የምንጠቀምበት መለኪያ በተለምዶ ከ0 እስከ 14 ይሄዳል። 7 መካከለኛው ነው፤ ከዚያ በታች ያለው አሲድ፣ ከዚያ በላይ ያለው አልካላይን ይባላል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን እያንዳንዱ ደረጃ አሥር እጥፍ መሆኑን ነው። ከ7 ወደ 6 የወረደ ውሃ አሲድነቱ 10 እጥፍ ጨምሯል፤ ወደ 5 የወረደው ደግሞ 100 እጥፍ። «አንድ ቁጥር ብቻ ነው የቀነሰው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር የለም ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ምን እንደሚያደርግ በአገራችን ስምጥ ሸለቆ በግልጽ ይታያል። የዝዋይ ሐይቅ ፒኤች ከ8 እስከ 9 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ ቆሮሶ ይራባበታል፣ አስጋሪው ኑሮውን ይገፋበታል። ከዚያ ብዙም ሳይርቁ ያሉት የአብያታና የሻላ ሐይቆች ግን ሶዳቸው በዝቶ ወደ 10 ይጠጋሉ፤ ሻላ ላይ መረብ ጥሎ የሚተዳደር አስጋሪ አታገኙም። ወደ ደቡብ አሜሪካ ስንሻገር ተቃራኒውን እናያለን። በሪዮ ኔግሮ ወንዝ የሚኖረው ካርዲናል ቴትራ የለመደው ውሃ ከጫካው በወረደ የቅጠል ጭማቂ እንደ ሻይ የጠቆረ፣ ማዕድን የሌለው፣ ፒኤቹ ብዙ ጊዜ ከ5 በታች የሚወርድ ነው። በማላዊ ሐይቅ ድንጋዮች መካከል የሚኖሩት ባለቀለም ሲክሊዶች ደግሞ 8 ገደማ ባለው ውሃ ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው። ስለዚህ «ለዓሣ የሚስማማው ፒኤች ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ለየትኛው ዓሣ?» የሚል ነው። ጎልድፊሽ፣ ጉፒና ሞሊ ከ7 እስከ 8 ባለው ውስጥ ደስ ብሏቸው ይኖራሉ። ኒዮን ቴትራ ዝቅ ያለውን ይመርጣል፤ ሆኖም ለብዙ ትውልድ በእርባታ ቤት የተራባው ዓሣ ከዱር ዘመዱ ይልቅ ሰፋ ያለ ልዩነት ይችላል።

ዓሣ የማይችለው ድንገተኛ ለውጥን ነው። የዓሣ ስንጥብ፣ ማለትም ከጉንጩ ሥር ያለው ቀይ መተንፈሻው፣ ኦክሲጅን ከማስገባት ሌላ ሥራም አለው። የደሙን ጨውና የደሙን አሲድ መጠን የሚጠብቀው በዚሁ ስንጥብ በኩል ነው። የውሃው አሲድ በአንድ ጊዜ ሲጨምር ሶዲየም ከደሙ እየሾለከ ይወጣል፣ ስንጥቡ በንፍጥ መሰል ፈሳሽ ይሸፈናል፣ ዓሣው ክንፉን አጥፎ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይስባል። በቀናት ውስጥ ቀስ ብሎ የመጣ ለውጥ ቢሆን ሰውነቱ ራሱን ያስተካክል ነበር። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የመጣውን ግን አይችለውም። በ7.8 ላይ ረግቶ የሚኖር ኒዮን፣ ባለቤቱ «ትክክለኛው» ወዳለው 6.5 በየሳምንቱ ከሚያወጣው ከሚያወርደው ኒዮን የተሻለ ዕድሜ አለው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ቧንቧችን ልሻገር። አዲስ አበባ የምትጠጣው ውሃ ከሁለት ዓይነት ምንጭ ይመጣል። አንደኛው በገፈርሳ፣ በለገዳዲና በድሬ ግድቦች የሚጠራቀመው የገጸ ምድር ውሃ ነው፤ ሌላው እንደ አቃቂ ካሉ የጉድጓድ መስኮች የሚሳበው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በዝናብ የተጠራቀመ የግድብ ውሃ በአብዛኛው ማዕድኑ አነስተኛ ነው። በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየው የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ባይካርቦኔት አሟሙቶ ይመጣል። ልዩነቱን የቤት እመቤት ሁሉ ታውቀዋለች፤ አንዱ ሳሙና ቶሎ ያስነሣል፣ ሌላው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጥላል። በመሆኑም በአንዱ ሰፈር የሚሠራ ምክር በሌላው ሰፈር ላይሠራ ይችላል። ጓደኛችሁ በቤቱ ያደረገውን ከመቅዳታችሁ በፊት የራሳችሁን ውሃ ለኩ።

አለካኩም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከቧንቧ አሁን የተቀዳ ውሃ የሚያሳየው ቁጥር እውነተኛው ቁጥር አይደለም። በመሬት ውስጥና በቧንቧ ግፊት የነበረ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አምቆ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ጋዝ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ደካማ አሲድ ይሆናል። አንድ ብርጭቆ ቀድታችሁ ወዲያው ለኩ፤ ያንኑ ውሃ በሰፊ ዕቃ አድርጋችሁ፣ የአየር ፓምፕ ካላችሁ እያንቦጫረቀው፣ ለ24 ሰዓት አቆዩትና እንደገና ለኩ። በሁለቱ መካከል ግማሽ ወይም አንድ ሙሉ ደረጃ ልዩነት ብታገኙ አትደንግጡ። ዓሣችሁ የሚኖርበት ቁጥር የሁለተኛው ቀን ቁጥር ነው። ውሃ በተራ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በበርሜልና በሮቶ ውሃ ማጠራቀም ልማዳችን መሆኑ በዚህ ረገድ ይጠቅመናል፤ አፉ ተከፍቶ አንድ ቀን ያደረ ውሃ ጋዙም ክሎሪኑም ይቀንሳል። አዲስ በተሠራ የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ውስጥ የቆየ ውሃ ግን ከሲሚንቶው ኖራ እየወሰደ ፒኤቹ ይወጣል፤ ያንን ለዓሣ ከማዋላችሁ በፊት ለኩት።

ያው ጋዝ በአኳሪየሙ ውስጥም ቀንና ሌሊት ይሠራል። ቀን መብራት ሲኖር ዕፅዋቱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይወስዱታል፣ ፒኤቹ ይወጣል። ሌሊት ዕፅዋቱም ዓሣዎቹም እየተነፈሱ ጋዙን ይመልሱታል፣ ፒኤቹ ይወርዳል። አንድ ሰው ሰኞ ማታ፣ ማክሰኞ ጠዋት ለክቶ «ውሃዬ ተበላሸ» ቢል የለካው ተፈጥሯዊውን የቀን ውጣ ውረድ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ለኩ። ኤሌክትሪክ ሲጠፋም ፓምፑ ይቆማል፣ የውሃው ገጽ አይንቀሳቀስም፣ ጋዙ ይታመቃል፣ ኦክሲጅኑ ይቀንሳል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው መድኃኒት ሳይሆን አየር ነው፤ በኩባያ ውሃ ቀድቶ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ፣ ይህንኑም ደጋግሞ ማድረግ በቂ እርዳታ ነው።

አሁን ወደ ንግግሬ ዋና ክፍል ደርሻለሁ። ባይካርቦኔት ለአኳሪየም ልክ ለገበሬ ቤት ጎተራ እንደሚሆነው ነው፤ ሞልቶ ሳለ ማንም አያስበውም፣ ባዶ የሆነ ዕለት ግን ቤቱ ይናወጣል። በውሃው ውስጥ አሲድ በተፈጠረ ቁጥር ባይካርቦኔቱ ያንን አሲድ ይይዘውና ፒኤቹ ባለበት እንዲቆይ ያደርጋል። የዚህን ተቀማጭ መጠን የሚለካው የካርቦኔት ጥንካሬ ነው፤ በመመርመሪያው ጠርሙስ ላይ ኬኤች ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አንድ የጀርመን ዲግሪ ኬኤች በሊትር 18 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የመለካት አቅም ያለው ሰው ከፒኤች ይልቅ ኬኤችን ይለካ። ፒኤች የዛሬን ሁኔታ ይነግረናል፤ ኬኤች የሚቀጥለውን ወር ያሳየናል።

አሲዱ ከየት ይመጣል? ከምግቡ ነው። ዓሣው ከበላው ፕሮቲን አሞኒያ ያወጣል። በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ይህ ዓሣዎቻችንን በሕይወት የሚያቆይ ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሲሠራ አሲድ ይፈጥራል። ከአሞኒያው ውስጥ ያለው አንድ ግራም ናይትሮጅን ናይትሬት እስኪሆን ድረስ 7 ግራም ያህል ተቀማጭ ይበላል።

እስቲ በአንድ ባለ 100 ሊትር አኳሪየም እናስላው። ኬኤቹ 3 ዲግሪ ነው እንበል፤ በሊትር 54 ሚሊ ግራም፣ በጠቅላላው 5,400 ሚሊ ግራም ተቀማጭ አለ ማለት ነው። በቀን ግማሽ ግራም ምግብ እንሰጣለን። ምግቡ 40 በመቶ ፕሮቲን ቢሆን 200 ሚሊ ግራም ፕሮቲን ገባ፤ ከፕሮቲን 16 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ 32 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ገባ። ግማሹ በዓሣው ሥጋና በዕፅዋቱ ቀርቶ ግማሹ ብቻ ናይትሬት ቢሆን እንኳ 16 ሚሊ ግራም በ7 ሲባዛ በቀን 112 ሚሊ ግራም ተቀማጭ ይጠፋል። 5,400ን ለ112 ብናካፍለው 48 ቀን ይሆናል። ውሃ የማይለውጥ ሰው በአንድ ወር ተኩል ገደማ ጎተራው ባዶ ይሆናል። በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ የሚለውጥ ሰው ግን፣ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ፣ ተቀማጩ ወርዶ ወርዶ ከመነሻው ግማሽ ገደማ ላይ ይረጋል እንጂ አያልቅበትም። ቁጥሮቹ በየቤቱ ይለያያሉ፤ የስሌቱ ትምህርት ግን ያው ነው። ውሃ መለወጥ ቆሻሻ ማውጣት ብቻ አይደለም፣ ያለቀውን መተካትም ነው።

ተቀማጩ ሲያልቅ የሚሆነውን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ብዙ ዓሣ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ፒኤቹ ወደ 6 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። አሲዱ ሲበዛ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ያቀዘቅዛሉ፣ አሞኒያ መጠራቀም ይጀምራል። የሚገርመው ዓሣው ወዲያው አይሞትም። አሞኒያ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ አሞኒየም ሲሆን ጉዳቱ ዝቅተኛ ነው፣ ሌላው በስንጥብ በኩል ወደ ደም የሚዘልቀው መርዘኛው አሞኒያ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ፒኤች ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ መርዘኛው ከጠቅላላው አንድ በመቶ አይሞላም፤ 8 ላይ 5 በመቶ ይሆናል፤ 9 ላይ ከሢሶ በላይ ይደርሳል። ከ7 በታችማ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የኮመጠጠው ውሃ መርዙን አስሮ አስቀምጦታል ማለት ነው።

እንግዲህ ባለቤቱ ፒኤቹ 6 መሆኑን አይቶ ይደነግጥና ሶዳ ይበትናል፣ ወይም ግማሹን ውሃ ደፍቶ ፒኤቹ 8 በሆነ የቧንቧ ውሃ ይተካል። ቁጥሩ ተስተካከለ፤ በዚያው ቅጽበት ለሳምንታት ታስሮ የነበረው መርዝ ተፈታ። ዓሣው የሞተው ከበሽታው ሳይሆን ከሕክምናው ፍጥነት ነው። ተፈጥሮም ይህንኑ ትመሰክራለች። በኬንያ ማጋዲ ሐይቅ፣ ፒኤቹ 10 በሚደርስ የሶዳ ውሃ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የቆሮሶ ዘመድ ትኖራለች። እንደ ሌሎች ዓሦች አሞኒያ ብታወጣ ኖሮ በዚያ ውሃ ከሰውነቷ መውጣት ያቅተውና ይገድላት ነበር፤ ስለዚህ ቆሻሻዋን እንደ እኛ ዩሪያ አድርጋ ታስወግዳለች። በየሳሎናችን ያሉት ዓሦች ይህ ችሎታ የላቸውም፤ ጥበቃቸው እኛው ነን።

በመጨረሻ ወደ ተግባሩ ልግባ። የመጀመሪያው ምክሬ ዓሣውን ለውሃው ምረጡ እንጂ ውሃውን ለዓሣው አትለውጡ የሚል ነው። ያደረውን የቧንቧ ውሃችሁን ፒኤችና ኬኤች ለክታችሁ 7.5 ገደማና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ጎልድፊሽ፣ ጉፒ፣ ሞሊ ወይም የማላዊ ሲክሊድ ያለ ምንም ጠርሙስ ይኖሩላችኋል። ሁለተኛው፣ በየሳምንቱ ከሩብ ያልበለጠ ውሃ፣ ባደረና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውሃ ለውጡ። ለወራት ያልተነካ አኳሪየም ከሆነ ግን አስቀድማችሁ አሞኒያውን ለኩ፣ ምግብ ቀንሱ፣ ከዚያ በቀን አንድ አሥረኛውን ብቻ እየለወጣችሁ ቀስ በቀስ መልሱት።

የቧንቧ ውሃችሁ ራሱ ተቀማጭ የሌለው ከሆነ፣ ለምሳሌ የክረምት ዝናብ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ መጨመር ያስፈልጋል። ለ100 ሊትር 3 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ ኬኤቹን በአንድ ዲግሪ ያነሣል። በሚለወጠው ውሃ ውስጥ አሟሙታችሁ ጨምሩት፤ በቀን ከአንድ ዲግሪ አትለፉ። ዕቃውን አንብባችሁ ግዙ፤ ቤኪንግ ፓውደር አሲድና ዱቄት የተቀላቀለበት ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ከዚህ የሚሻለው ዘዴ እፍኝ የኖራ ድንጋይ ጠጠር በከረጢት አድርጎ ፊልተሩ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ውሃው ሲኮመጥጥ ድንጋዩ ይበልጥ ይሟሟል፤ ውሃው ሲረጋ ያዘገማል፤ ልኩን ራሱ ያውቃል። የኖራ ድንጋይ መሆኑን ለማረጋገጥ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለው። ጥቁር ድንጋይና ለግንባታ የሚውለው ቀይ አሽ አብዛኛውን ጊዜ አረፋ አያወጡም፤ ፒኤች ማንሣት የማይፈልግ ሰው በደንብ አጥቦ በእነሱ ያስጊጥ።

ፒኤች ለማውረድ ሎሚና ኮምጣጤ መጨመርን ግን ተዉት። ተቀማጩ ከፍተኛ ከሆነ ባይካርቦኔቱ አሲዱን ይይዘውና ቁጥሩ በማግስቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ እናንተም ደግማችሁ ትጨምራላችሁ፤ ዓሣው በየቀኑ ይናወጣል። ተቀማጩ ባለቀ ቀን ደግሞ ያው መጠን ውሃውን በአንድ ጊዜ ይገለብጠዋል። ለስላሳ ውሃ የሚወዱ ዓሦችን ማራባት የምትሹ ንጹሕ የዝናብ ውሃን ከቧንቧው ጋር በታወቀ መጠን፣ ሁልጊዜም በዚያው መጠን፣ ቀላቅሉ።

አዲስ ዓሣ ስታስገቡም ይኸው ሕግ ይሠራል። ከቅርብ ሱቅ በፌስታል የመጣ ዓሣ ፌስታሉ በአኳሪየሙ ላይ ተንሳፎ ሙቀቱ ይመጣጠን፤ ከዚያ በየጥቂት ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ውሃ እየጨመራችሁ አለማምዱት። ረጅም መንገድ ታሽጎ የመጣ ዓሣ ግን ሌላ ነው። በትንፋሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የፌስታሉ ፒኤች ወርዷል፣ አሞኒያውም ተጠራቅሟል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ያመልጣል፣ ፒኤቹ ይወጣል፣ መርዙ ይፈታል። ስለዚህ ሙቀቱ ከተመጣጠነ በኋላ ፌስታሉን ከፍታችሁ አታቆዩት፤ ዓሣውን ብቻ በመረብ አውጥታችሁ አስገቡ፤ ውሃውን ድፉት።

ክቡራትና ክቡራን፣ በወንዝና በሐይቅ ያለ ዓሣ ውሃው ሲከፋበት ወደ ተሻለው ይዋኛል። እኛ በመስታወት ውስጥ ያኖርነው ዓሣ ያ መብት የለውም፤ የምንሰጠው ውሃ ዓለሙ ሁሉ ነው። ስለዚህ ማወቅ ግዴታችን ነው እላለሁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ምንም ነገር አትጨምሩበት። አንድ ባልዲ ውሃ ቅዱና ለነገ አሳድሩ። ነገ በዚሁ ሰዓት የባልዲውንም የአኳሪየሙንም ፒኤችና ኬኤች ለክታችሁ ቀኑን ጨምራችሁ በደብተር ጻፉ። በየሳምንቱም ይህንኑ አድርጉ፤ ልጆቻችሁ ይለኩ፣ ልጆቻችሁ ይጻፉ። የኬኤቹ ቁጥር ሲቀንስ ውሃ የመለወጫ ጊዜው እንደደረሰ ደብተሩ ቀድሞ ይነግራችኋል፤ ዓሣው እስኪታመም አትጠብቁም።